ሐረጎ ያቃታት አውቶሞቢል፤ ካንዴላን በቤት ስለ መለወጥ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው የአውቶሞቢሉን ጤና አያውቅም፤ ቁልቁለቱ ደካማውንም ብርቱውንም እኩል ያስሮጣልና። እውነቱ የሚገለጠው ሲመለሱ፣ ከቦርከና ሜዳ ተነሥተው የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲያያዙት ነው። ባለፈው የካቲት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔም በዚሁ ዳገት ላይ፣ ባለሁለት በር በሆነች አንዲት ቀይ የስፖርት አውቶሞቢል መሪ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ተማርሁ። ሚኒባሱ አለፈን። አውቶቡሱ አለፈን። በመጨረሻም እስከ ጫፉ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈን። አጠገቤ የነበሩት የመኪናዋ ባለቤት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ገደሉን መመልከት ጀመሩ።

እኒህ ሰው የቤት አከራዬ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህር ይሉኛል፣ ሲቆጡ ደግሞ «አንተ ልጅ» ይሉኛል። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። መኪናዋ ፊያት 850 ኮፔ ስትሆን ገና ወጣት ሳሉ በ1963 ዓ.ም. አስመራ ላይ የገዟት ናት። የዚህችን ዓይነት መኪና ፊያት ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1965 በጄኔቭ ትርኢት ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከፊት ያለው ኮፈን ቢከፈት የሚገኘው የሻንጣ ቦታ ነው። የጋሼ መኪና ሞተር 903 ሲሲ ነው፤ የአራት ባጃጆች ሞተር ቢደመር ከዚህ ብዙ አያንስም። ስለዚህ ስፖርት መባሏን አንባቢዬ በልክ ይውሰደው። ቢሆንም ዝቅ ብላ፣ ጀርባዋን አሹላ በደሴ ፒያሳ ስታልፍ ዛሬም ልጆች ቆመው ያዩአታል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ጋሼ ከተማውን ለቀው ሊወጡ ሆነ። መኪናዋን ይዘው እንዳይሄዱ ቤንዚን የለም፤ ትተዋት እንዳይሄዱ ደግሞ ማንም አስነሥቶ ይወስዳታል። ስለዚህ ሌሊቱን አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ደፍነው፣ ካንዴላዎቹን በቡና ጣሳ አድርገው ከጓሮው ኮክ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። ካንዴላ የሌለው አውቶሞቢል ከመደብ አይሻልም። በኅዳር ማለቂያ ሲመለሱ የቤቱ ዕቃ ብዙው የለም፤ መኪናዋ ግን ከነአቧራዋ ቆማለች። ጣሳውን አወጡ፣ ካንዴላዎቹን ጠራርገው መልሰው አሰሩ፣ ሞተሩም ተነሣ። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ደህና ሆና አታውቅም፤ በሜዳው ትስላለች፣ በዳገቱ በሦስት እግር ታነክሳለች።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ስሙን አላነሣም፤ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፣ ቸኩለው ነው። ሠራተኛው አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ከገመዱ ጋር እንደ ተያያዘ የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፎ ሞተሩን አስዞረ። ብልጭታ ታየ። አራቱንም እንዲሁ አደረገና «ካንዴላው ደህና ነው፤ ችግሩ ከውስጥ ነው፣ ቴስታታው መከፈት አለበት» ብሎ ዋጋ ነገረን። ዋጋውን የሰማው የጋሼ ልጅ ከአዲስ አበባ ስልክ ደውሎ፣ ለዚህ ገንዘብ ከማውጣት ለቁራሌው መስጠት ይሻላል አለ። ጋሼ ምንም አልመለሱም። ሌሊቱን ግን መብራታቸው እስከ ስድስት ሰዓት አልጠፋም።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይሁንና የጋራዡ ሰው ያደረገው ምርመራ አንድ ጉድለት እንዳለበት አወቅሁ። ይህን ለመረዳት ካንዴላ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ካንዴላ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ቴስታታ ካመጡልን ሰዎች ጋር አብሮ የመጣ ቃል ነው፤ ፈረንሳዮችም ይህንኑ ዕቃ በቋንቋቸው ሻማ ይሉታል። ሻማነቱም እውነት ነው። ፒስቶኑ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ወደ ላይ ገፍቶ ሲያጨናንቀው፣ በዚያች ቅጽበት ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፤ ድብልቁም ተቀጣጥሎ ፒስቶኑን ወደ ታች ይመታዋል። የባትሪው ኃይል 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ይህ በአየር ክፍተት ላይ ሊዘል ስለማይችል ቦቢናው ከ15,000 ቮልት በላይ ያደርሰዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ በአንዲት ሰከንድ 25 ጊዜ ይበልጫል። አንባቢዬ በዚህ ፍጥነት አርባ ደቂቃ ቢነዳ አንዱ ካንዴላ ብቻውን 60,000 ጊዜ በልጭቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው ከ2,000 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ነበልባል ውስጥ አፍንጫውን ነክሮ ነው።

ወደ ጋራዡ ምርመራ ልመለስ። በነፃ አየር ላይ የሚታይ ብልጭታ ስለ ካንዴላው ጤንነት ግማሽ ምስክር ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል በነፃው አየር ከሚፈልገው እጅግ የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ነጩ ሸክላው የተሰነጠቀ ወይም ክፍተቱ በዕድሜ የሰፋ ካንዴላ፣ በውጭ ሲሞከር ደህና መስሎ ውስጥ ሲገባ ይከዳል፤ ብልጭታው በክፍተቱ መዝለል ሲያቅተው በስንጥቁ በኩል ሾልኮ ይጠፋል። ክህደቱም በጣም የሚታወቀው ሞተሩ ሲጨነቅ፣ ማለት ዳገት ላይ ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ነገ ቅዳሜ አይደለም?» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧ ውሃ ከሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ሥራ ጀመርን። አንባቢዬም በቤቱ ሊሞክር ቢያስብ፣ የመጀመሪያው ነገር ሞተሩ ፈጽሞ የቀዘቀዘ መሆኑ ነው። የብዙ አውቶሞቢሎች ቴስታታ፣ የዚህችም ጭምር፣ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በትኩሱ ሲፈታ ጥርሱ ከካንዴላው ጋር ተያይዞ ሊወጣ ይችላል። የደሴ ሌሊት በዚህ በኩል ለመካኒክ ታላቅ ረዳት ነው። ቀጥሎ የባትሪውን አንድ ጫፍ ይፍቱ። ከዚያም በካንዴላዎቹ ዙሪያ የተጠራቀመውን አሸዋና አቧራ በብሩሽ ያራግፉ፤ እኛ የጎረቤት ልጅ የብስክሌት መንፊያ አምጥቶ ነፋልን። ይህን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ካንዴላው ሲወጣ በዙሪያው ያለው አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ ይወድቃል፤ የወደቀውን አሸዋ ደግሞ ማንም አያወጣውም፣ ሲፈጭ ይኖራል።

ገመዶቹን አራቱንም ባንድ ጊዜ አይንቀሉ። አንዱን ነቅለው፣ ካንዴላውን ለውጠው፣ ገመዱን መልሰው ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይለፉ። የዚህች ሞተር አተኳኮስ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት እያለ ነው፤ ገመዶቹ ከተምታቱ መኪናዋ ወይ አትነሣም ወይ እንደ ጠመንጃ ትተኩሳለች። ገመዱም ሲነቀል የሚያዘው ከጫፉ ላይ ያለው ጎማ ነው እንጂ ገመዱ ራሱ አይጎተትም።

የመጀመሪያው ካንዴላ በሰላም ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው አልንቀሳቀስ ስላለ ጥቂት ዘይት አንጠባጥበንበት ሻይ ጠጣን፤ ስንመለስ በእሺታ ወጣ። ነጩ ሸክላው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ያ ስንጥቅ ጣሳው ውስጥ ሲንገጫገጭ የመጣ ይሁን፣ ያን ሌሊት በጥድፊያ ሲፈታ ቁልፉ ያዘመመው ይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። እሳቸው ግን «እኔ ነኝ» አሉ። አራተኛውም ከወጣ በኋላ የአራቱን ክፍተት ለካን። በፑንቲና የሚሠሩ የዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው፤ የእኛዎቹ ሁሉም ከ1 ሚሊሜትር በላይ ሰፍተዋል። ብልጭታ ብረትን በጥቂት በጥቂቱ ይበላል፤ ስልሳ ሺህ ሲባዛ በስንት ዳገት እንደሆነ አንባቢዬ ራሱ ያስላው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። በመፍታቱ ስለ ተሳካልኝ ልቤ አብጦ ነበር። ሦስተኛውን አዲስ ካንዴላ ቁልፉ ውስጥ ከትቼ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ሰደድሁትና ማዞር ጀመርሁ። ግማሽ ዙር እንደ ሄደ ጠነከረብኝ። አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ ክንዴን ጨመርሁበት። ከወንበራቸው ላይ ሆነው ድምፁን የሰሙት ጋሼ «አንተ ልጅ! እጅህን አንሣ!» ብለው ሲጮኹ ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ካንዴላው ተጣሞ ገብቶ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ሊበላ ጀምሮ ነበር። የዚህች መኪና ቴስታታ ከየትኛውም ሱቅ እንደ ሳሙና የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ጥርሱ ቢበላ ኖሮ ቁራሌውን የጠራሁት እኔ ነበርሁ።

እንደ ምንም አውጥተን አየነው፤ የመጀመሪያው ጥርስ ጥቂት ተፍቋል እንጂ አልተበላም። ጋሼ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ስንዝር የምትሆን የቤንዚን ጎማ ቱቦ ይዘው መጡ። የካንዴላውን የላይኛውን ጫፍ ቱቦው አፍ ውስጥ ሰክተው፣ በሁለት ጣታቸው ቱቦውን ብቻ እያሽከረከሩ አስገቡት። ካንዴላው ቀና ሆኖ ከገባ ይሄዳል፤ ከተጣመመ ቱቦው በጣት ውስጥ ይሾልካል እንጂ ጥርስ ለመብላት ጉልበት የለውም። ይህን ዘዴ በትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም፤ ለአንባቢዬ የማስተላልፈው ዋናው ነገርም ይኸው ነው። በጣት እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ ቁልፍ ይያዝ፤ አዲስ ቀለበት ያለው ካንዴላ ከግማሽ ዙር እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጠብቃል፣ ቀድሞ ታስሮ የነበረ ደግሞ ከአንድ ስምንተኛ ዙር አይለፍ። በክንድ ብርታት የሚለካ ነገር አይደለም።

የወጡትን ካንዴላዎች ግን ወዲያው አይጣሉ፤ በጋዜጣ ላይ በየተራቸው ይደርድሯቸውና ያንብቧቸው። ጫፉ የቡና በወተት መልክ ያለው፣ ወይም ወደ ግራጫ ያደላ፣ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። በነጭ አመድ የነጣና የተለበለበ፣ ሙቀት በዝቶበታል። በዘይት የረጠበ፣ ዘይት ከታች እየወጣ ወይም ከላይ እየወረደ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰ፣ ቤንዚኑ ከአየሩ በልጧል። የእኛ ሁለተኛው ብቻ የቡና መልክ ነበረው። አንደኛውና አራተኛው እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቁረዋል፤ የተሰነጠቀው ሦስተኛው በቤንዚን ርሷል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ስለሚወርድ፣ የተበላሸ ካንዴላ ይዞ ወራት መንዳት ከቆጣቢነት አይቆጠርም።

ጥቀርሻው ለምን እንደ በዛ ለማወቅ የጂኦግራፊ መምህሩን ጓደኛዬን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፊያት የሚሠራባት ቶሪኖ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ናት። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። በደሴ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡራቶሯ ግን ይህን አያውቅም፤ ቶሪኖ እንዳለ ሁሉ ያንኑ የቤንዚን መጠን ይቀዳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ የተረፈውም ጥቀርሻ ሆኖ ካንዴላው ላይ ይቀመጣል። ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያስኬደው በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይወጣል፤ መኪናዋ ትንፋሽ ያጠራት ለዚህም ጭምር ነው። የዛሬዎቹ በኮምፒዩተር የሚመሩ ሞተሮች አየሩን መዝነው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ። ባለ ካርቡራቶሮቹ ግን ከፍታውን በሚያውቅ ሰው ቤንዚን መርጫ ቀዳዳቸው በጠበበ እንዲለወጥ ያስፈልጋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ካንዴላ ጥቀርሻውን በራሱ አቃጥሎ የሚያጸዳው ጫፉ ከ450 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ከ850 በላይ ሲያልፍ ደግሞ ያለ ብልጭታ ድብልቁን እየለኮሰ ሞተሩን ይጎዳል። ጋሼ መኪናዋን የሚያወጧት በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቤት እስከ ፒያሳ፣ ቾኩን እንደ ሳቡ ነው። በዚህ ዓይነት ጉዞ ካንዴላው ወደ 450 ሳይደርስ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ያሳፈራት ሐረጎ መድኃኒቷም መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ።

ካንዴላ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ከአዲሱ ጎን ለጎን አድርገው የጥርሱን ርዝመት ያስተያዩ፤ የረዘመ እንደሆነ ፒስቶን ሊመታው ይችላል፣ ያጠረ እንደሆነ የቀረው ጥርስ በጥቀርሻ ይደፈናል። ቁጥሩም ያሳስታል። በጃፓኑ ኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ዓይነት ነው፤ በጀርመኑ ቦሽ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ሙቅ ዓይነት ነው። ስለዚህ «ስድስት ቁጥር ስጠኝ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ሲታሽ የሚለቅ፣ ጥርሱ ሻካራ የሆነ ካንዴላ ቢያጋጥም ሥመ ጥሩ ፋብሪካ ስሙ ስለ ተጻፈበት ብቻ አይመኑት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ካንዴላ የሚባል ነገር የላቸውም። ያሉንን አሮጌዎች ግን ማቆየቱ በእኛው እጅ ነው።

እሑድ ተመልሰን ወረድን። ኮምቦልቻ ላይ ጋሼ ከእኅታቸው ቤት ቡና ጠጡ፤ እኔ ከውጭ ሆኜ የኋላውን ኮፈን ከፍቼ አዳምጥ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ተነሣን። የሐረጎን የመጀመሪያ ጠመዝማዛ በሦስተኛ ማርሽ ገባን፤ ቀጥሎ ባለው ወደ ሁለተኛ ወረድሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንደኛን አልፈለገችም። ፈጣን ሆነች አልልም። ሚኒባሱ እንደ ልማዱ አለፈን። ሲሚንቶ የጫነውን አይሱዙ ግን፣ ያው የዚያን ቀኑ ይሁን ሌላ፣ ከላይኛው ኩርባ በፊት አለፍነው። ጋሼ ጥሩንባውን ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ነፉት። የዚያን ዕለት ማታ ልጃቸው ሲደውል የመኪናዋን ነገር ጠየቀ፤ «ወጣች» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ።

ማክሰኞ ማታ ካንዴላዎቹን እንደገና ፈትቼ አየኋቸው። ሦስቱ የቡና መልክ ይዘዋል፤ አንደኛው አሁንም ጫፉ ጠቆር ብሏል። ካርቡራቶሯን የሚያይልን ሰው እስኪገኝ ድረስ እንደዚሁ ትሄዳለች። የተሰነጠቀውን አሮጌ ካንዴላ ጋሼ ለተማሪዎቼ እንዳሳይበት ሰጡኝ። ሦስቱን ግን በቤንዚን አጥበው፣ ክፍተታቸውን አጥብበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በዚያው በቡና ጣሳ ከተቱ። ጣሳውን አሁን አልቀበሩትም፤ ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጡት።